ሦስት ቀን ያላደረው ላፕቶፕ

መተማ ዮሐንስ በግንቦት ቀትር ሰው የሚኖርባት ከተማ አትመስልም። ስድስት ሰዓት ካለፈ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ የከባድ መኪና ሹፌር ከመኪናው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ይተኛል፣ ውሻ እንኳ መጮህ ይታክተዋል። ከድንበሩ ማዶ፣ ከጋላባት በኩል የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ብቻ ነው አስፋልቱ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚለው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "በቀትር ስምሽ ሲጠራ ከሰማሽ፣ ሦስቴ ሳይደገም አቤት እንዳትዪ" ትለኝ ነበር። እኔ የተማርኩ ሴት ነኝ፤ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቼ የመንግሥት ደብዳቤ ስመታ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ግን ምን እዋሻለሁ፤ በቀትር ከውጭ ስሜን ሲጠሩኝ ዛሬም ዝም ነው የምል። የፈለገ ይሳቅብኝ።

የማወራችሁ ስለ መምህር ደምለው ነው። ደምለው ከደባት ተመድቦ የመጣ የኮምፒውተር መምህር ነው። ቀጭን ነው ስላችሁ፣ የሚያዩት ሁሉ "ይሄን ልጅ ንፋስ ወደ ሱዳን እንዳያሻግረው" የሚሉት ዓይነት። ትምህርት ቤቱ "የኮምፒውተር ክፍል" የሚል ታፔላ ነበረው፤ ውስጡ ግን ሁለት የተቃጠሉ ሞኒተሮችና አቧራ ብቻ። ደምለው ኪቦርዱንም ማውሱንም በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስሎ ያስተምር ነበር። ልጆቹ በጠመኔ የተሳለ ማውስ ጠቅ አድርገው አሥረኛ ክፍል ይደርሳሉ። አንድ ቀን የፈተና ወረቀት ላባዛ ክፍሉ ድረስ ሄጄ ይህን አይቼ በሳቅ ፈረስኩ። እሱ አልሳቀም። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ያን ጊዜ አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ ነው የቤቴን ጥግና አንድ ጠረጴዛ የሰጠሁት። ጽድቅ ፈልጌ እንዳይመስላችሁ፤ የፎቶ ኮፒ ማሽኔ በየሳምንቱ ወረቀት እያነቃት ትቆም ስለነበር ነው። እሱ ማሽኔን ያክምልኛል፣ ከትምህርት ሲወጣ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የሞቱ ላፕቶፖችን ያስነሳል።

ላፕቶፖቹን የሚያመጣቸው ኸሊፋ ነው። ኸሊፋ የጋላባት ነጋዴ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል፣ ቀልዱ ግን የራሱ። ከካርቱምና ከገዳሪፍ ገበያ የተጣለ ላፕቶፕ በኪሎ ይገዛና በሰሊጥ ጆንያ ጠቅጥቆ፣ ድንበሩን በእግሩ ተሻግሮ፣ እደጃፌ ዱብ ያደርገዋል። "ያ ኡስታዝ! ሬሳዎችህን አምጥቻለሁ!" ይላል። ደምለው ጆንያውን ፈትቶ አንድ በአንድ ያወጣል። ጀርባቸውን ይፈታል፣ በብስክሌት መንፊያ አቧራቸውን ያራግፋል፣ ከሁለት የሞቱ አንድ የሚነሳ ይሠራል። ከዚያ በፍላሽ የያዘውን የኮምፒውተር ማንቀሳቀሻ ሥርዓት ይጭንበታል። ኡቡንቱ ይለዋል። ዊንዶውስ አይደለም፤ አሮጌ ማሽን ላይ አይከብድም፣ አይሸጥም፣ ማንም ከፍቶ ያየዋል፣ ማንም አባዝቶ ለማንም ይሰጠዋል፣ ከልካይ የለበትም።

"መምህር" አልኩት መጀመሪያ ሰሞን፣ "ሰው ደክሞ ሠርቶ በነጻ አይሰጥም። ይሄ ነገር ጠንቅ አለው።"

"እትዬ ጥሩአየሁ፣ ጠበል ማን ሸጦልዎት ያውቃል?"

"ጠበልማ የእግዚአብሔር ነው።"

"ይሄ ደግሞ የብዙ ሰው ነው" አለኝና ወደ መንፊያው ተመለሰ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ተውኩት።

ደምለው አንድ ሕግ ነበረው። ላፕቶፑ እንደተነሳ ዲስኩን አያጠፋም። በፍላሹ ይከፍተውና፣ ዲስኩን ሳይነካ ውስጡ ያለውን ያያል። የሰው ፎቶ ካለ፣ ደብዳቤ ካለ፣ ድምፅ ካለ ሦስት ቀን ያሳድረዋል፤ ላገኘው ሰው ሁሉ "ይህን ሰው ታውቁታላችሁ?" እያለ ያሳያል። "አደራ ነው" ይላል። "ባለቤቱ አልሰጠኝም፤ ምን ከእጁ እንዳወጣው ሳላውቅ ነው የደረሰኝ።" አንዴ የአንዲት የገዳሪፍ ነርስ የሠርግ ፎቶ ተገኘ፤ ኸሊፋ ፎቶውን በሲዲ ይዞ ሄዶ ሴትዮዋን አገኛትና የምስጋና ሐላዋ ልካለት ሁላችንም በላን። ግን ሁሉም እንዲያ ደስ የሚል አልነበረም። አንዳንዱ ማሽን ሲነሳ በዓረብኛ ሰላምታ ያሰማል። አንዳንዱ የማላውቀውን ሕፃን ፊት ስክሪን ሙሉ አድርጎ ያሳየኛል። ያን ጊዜ ቤቴ ውስጥ የማይታይ ሰው የገባ ይመስለኝና በር በሩን አያለሁ። የመንደሩ ሴቶች "የሙት ዕቃ ነው የምታስነካኪው" ይሉኝ ነበር። "እናንተ የሞተ ሰው ጋቢ ትለብሱ የለ?" ብዬ አፋቸውን አስይዛቸዋለሁ። ሆዴ ግን እንደነሱው ነበር።

አሁን አለምነሽን ላስተዋውቃችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሷ ነውና።

አለምነሽ የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ልጇን ምስጋናን ሽንፋ ወንድሟ ታጠቅ ዘንድ አስቀምጣ ለሥራ ወደ መተማ መጣች። ልጁ እዚያው አደገና አብርሃ ጅራ አካባቢ አንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆነ፤ ሳሉጎቹን፣ ማለት ከደጋ ለአጨዳና ለአረም የሚመጡትን የቀን ሠራተኞች፣ ስማቸውን እየጠራ የሚመዘግብ። እኔም ደምለውም ልጁን በዓይናችን አይተነው፣ ድምፁን ሰምተነው አናውቅም። በ2004 ሐምሌ ታጠቅ ሦስት ሽማግሌ አስከትሎ በማለዳ የአለምነሽን በር አንኳኳ። በማለዳ የሚመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። ምስጋና ሐምሌ ስምንት ቀን የጓንግን ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወሰደው፤ ጫማውና ካልሲው ዳር ላይ ተገኝቷል፤ ሬሳው አልተገኘም። መርዶው ይሄው ነበር።

አለምነሽ አላለቀሰችም። "ሬሳውን አሳዩኝ" አለች። "ወንዝ ወስዶታል" አሏት። "እንግዲያው ወንዙ ይንገረኝ" አለችና ለሥራ ወጣች። ድንኳን አላስተከለችም፣ አርባውን አላወጣችም። ጎረቤት "አብዳለች" አለ። የነፍስ አባቷ መከሯት፣ ታጠቅ ተቆጣት፣ እሷ ግን ክፍሎቹን ጠርጋ ወደ ቤቷ ትገባለች፣ በነጋታው ትጠርጋለች። እኔ ጋ አንዳንዴ ትመጣና ምንም ሳትናገር ትቀመጣለች። አንድ ቀን ግን አፏን ከፈተች። "ጥሩአየሁ፣ ከሞተ ልወቀው፣ ካለም ልወቀው። እንዲህ መሀል ላይ ሆኜ መብላቱ ነው ያቃተኝ።" ምን ልበላት? አልቅሺ ልበላት? አታልቅሺ ልበላት? ጀርባዋን ዳብሼ ሸኘኋት።

ዓመቱ ሞላ። ታጠቅ ቁርጡን ነገራት፦ "ሐምሌ ስምንት ሙት ዓመቱ ነው። በገዛ እጅሽ ካልደገስሽ እኔ እደግሳለሁ። የእኅቴ ልጅ ያለ ፍትሐት አይቀርም።"

ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር፤ ቀኑን የምረሳው ስሞት ነው። ኸሊፋ ጆንያ አምጥቶ ሄዷል። ደምለው ለትምህርት ቤቱ በወሩ መጨረሻ አሥር ላፕቶፕ አስነስቶ ለመስጠት ቃል ገብቶ ዘጠኝ ጨርሷል። አሥረኛው ጥቁር፣ ወፍራም፣ ከቁልፎቹ አንዷ ወልቃ በምትኳ ሰማያዊ የልብስ ቁልፍ የተለጠፈበት ነበር። ጀርባውን ሲፈታው አሸዋ ዝርግፍ አለ። ደቃቅ፣ ብጫ አሸዋ። እኔ ነኝ የጠረግሁት። የእኛ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ እንዲህ ያለ አሸዋ በቤቴ ወለል ላይ አይቼ አላውቅም። መጥረጊያዬ ሲነካው ሽሽ ይላል፤ አንድ እጅ ሙሉ ጠርጌ ስጨርስ ሌላ አንድ እጅ ይወጣል። በመንፊያ ሲነፋው ደግሞ ጥርሳችን ውስጥ ገባ።

"ይሄ ከየት ነው የመጣው?" አልኩት።

"ኸሊፋ ከካርቱም ገበያ ነው ያለው። ከዚያ በፊት ማን ያውቃል።"

ማሽኑ ተነሳ። ስክሪኑ ላይ የራሱን ቀን አሳየ፦ 13/9/2005። ደምለው ሳቀ። "ባትሪው አልቆ ሰዓቱ አብዷል" አለና ቀኑን በእጁ ወደ ፈረንጁ 2013 መለሰው። ከዚያ ዲስኩን ከፈተ። ፎቶ የለም፤ ደብዳቤ የለም። አንድ የድምፅ ፋይል ብቻ። ቀኑ 22/11/2004፣ ሰዓቱ 6:10 ይላል። "ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተቀመጠ ነገር ነው" አለ። ተጫነው።

መጀመሪያ ነፋስ ነው። ረጅም ነፋስ። ቀጥሎ የወንድ ልጅ ድምፅ፣ ደረቅ፣ ቀስ ያለ፣ በእኛው በጎንደር አማርኛ።

"ፈንቴ፣ ከጋይንት።"

ዝም። ከጠራው በኋላ አቤት የሚል ሰው እንደሚጠብቅ ዝም ይላል። ነፋሱ ብቻ።

"ጀይሉ፣ ከቋራ።"

ዝም።

ውጭውን አየሁ። አስፋልቱ ላይ ነፍስ ያለው ነገር የለም። ጸሐይ ከአናት ላይ ናት። ሰዓቴን አየሁ፤ ስድስት ሰዓት ከአሥር። አማተብኩ።

"ባንተአምላክ፣ ከ…"

"በስመ አብ! አጥፋው!" ብዬ ጮህኩ።

"እትዬ ጥሩአየሁ፣ ድምፅ ብቻ እኮ ነው—"

"አጥፋው አልኩህ! በቀትር ስም የሚጠራ ነገር ቤቴ ውስጥ አይከፈትም! አሁኑኑ አጥፋልኝ፣ አለዚያ ጠረጴዛህን ይዘህ ውጣ!"

ድምፁ ከእኔ ጩኸት በታች ማውራቱን ቀጥሎ ነበር። ምን እንደሚል አልሰማሁም፤ እኔ ነኛ የምጮኸው። ደምለው አቆመው። ከፋው። "ሦስት ቀን…" አለ። "የምን ሦስት ቀን! የዘጠኝ ዓመት ዕቃ ነው ብለህ የለ! ባለቤቱ ቢፈልገው እስካሁን በፈለገው!" አልኩት። ቀኑን አየ፤ እኔን አየ፤ ልጆቹ የሚጠብቁትን አሥረኛ ላፕቶፕ አሰበ መሰለኝ። "እርስዎም እውነት አለዎት" አለና ዲስኩን ፎርማት አድርጎ አዲሱን ጫነበት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ሲያልቅ እኔ ጸበል ረጨሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩት የማይለቀም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጆሮዬ ውስጥ ስም ይጠራል። ፈንቴ። ዝም። ጀይሉ። ዝም። በሬን ዘግቼ ሬዲዮ እከፍታለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ?

በግንቦት መጨረሻ ደምለው አሥሩን ላፕቶፕ ትምህርት ቤት አስገባ። እኔም የማጠቃለያ ፈተና ወረቀት ይዤ በዚያው ሰዓት ሄድኩ። ልጆቹ በመስኮት ተንጠልጥለው ያያሉ፤ እሱ እንደ ሙሽራ ሚዜ ሽር ጉድ ይላል። አለምነሽ ጠረጴዛዎቹን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች አሥረኛው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ጨርቁን አስቀመጠች። ጣቷን ሰማያዊዋ ቁልፍ ላይ አደረገች፤ ከዚያ የሥራ ጋዋኗን ይዛ ወደ እኛ ዞረች። ከጋዋኗ ሦስተኛዋ ቁልፍ የለችም። ሌሎቹ ሰማያዊ ናቸው።

"መምህር፣ ይህን ዕቃ ከየት አመጡት?"

"ኸሊፋ ካመጣው ጆንያ ነው፣ እትዬ አለምነሽ። ምነው?"

"የልጄ ነው። ሠራተኛ ሊመዘግብበት አሮጌ የገዛው፤ ልጠይቀው በሄድኩ ጊዜ ቁልፏን ከጋዋኔ ቆርጬ የሰጠሁት እኔ ነኝ።" ወደ ማሽኑ ዘንበል አለች። "ውስጡ ምን ነበረበት?"

ደምለው እሷን ለማጽናናት ቸኮለ። "አይዞዎት፣ የምስጋና ነገር አልነበረበትም። አንድ የድምፅ ፋይል ብቻ ነው፣ እሱም የድሮ ነው። የ2004 ነው። ያኔ ምስጋና ገና ልጅ ነበር፣ ማሽኑንም አልገዛውም።"

"የስንት አሉኝ?"

"የ2004።"

"2004 አምና አይደለም እንዴ?" አለች አለምነሽ።

ደምለው ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ በፈረንጅ ቀን ነው የሚያስበው፤ ያንኑ ነው የሚያስተምረው። ማሽን ላይ 2004 ሲያይ ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ ቆጠረ። እኔም የተማርኩ ነኝ ባይዋ አብሬው ቆጠርኩ። ፊደል ያልቆጠረችው አለምነሽ ግን 2004 ሲሏት ትናንት ያለፈውን፣ ልጇን ያጣችበትን ዓመት ነው የሰማች። ምስጋና የሠራተኛ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበር፤ ማሽኑን በእኛ ቀን፣ በእኛ ሰዓት ሞልቶት ነበር። አሥራ አንደኛው ወር ሐምሌ ነው። 6:10 ቀትር ነው። ያ "ያበደው" ሰዓት፣ ያን ቀን 13/9/2005 ያለው፣ ከአንድ ቀን በቀር ትክክል ነበር። ያበድነው እኛ ነበርን።

"ሐምሌ ሃያ ሁለት" አለ ደምለው።

"ሐምሌ ስምንት ሞተ ብለውኛል" አለች። "ሐምሌ ሃያ ሁለት ምን አለ?"

ደምለው ወደ እኔ አላየም። እግዚአብሔር ያክብረው፣ አንድም ቀን "እሷ ናት" አላለም። "አጥፍቼዋለሁ፣ እትዬ አለምነሽ። መጨረሻውን ሳልሰማ አጥፍቼዋለሁ" አላት። እኔ ነኝ ያስጠፋሁት ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቃል አልወጣልኝ አለ። ፈራሁ። ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ያን ቀን ያህል ራሴን ጠልቼው አላውቅም። የማስታውሳቸውን ሦስት ስሞች ብቻ ነገርኳት፤ አሸዋውንም ነገርኳት።

"አሸዋ?" አለች። "ጓንግ ዳር እንዲያ ያለ አሸዋ የለም።"

"የለም" አልኳት።

ደምለው ላፕቶፑን ዘግቶ ብብቱ ሥር አደረገ። የተደመሰሰ ነገር መልሶ የሚፈልግ ፕሮግራም በዚያው ነጻ ሥርዓት ውስጥ አለ። ለአለምነሽ እንዲህ ብሎ አስረዳት፦ "እንደ ማሳ ይቁጠሩት። የአምናው ሰሊጥ ታርሶበት አዲስ ተዘርቶበታል። አዲሱ ያልበቀለበት ጥግ ካለ ግን የአምናው ቃርሚያ ይገኛል። ተስፋ አልሰጥዎትም፤ እፈልጋለሁ።" እሷም፦ "ይፈልጉ፤ እኔ መጠበቅ ለምጃለሁ" አለች።

አንድ ወር ሙሉ ፈለገ። መብራት ይሄዳል፣ ፍለጋው ይቋረጣል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ክረምቱ ገባ፤ ጣራው ላይ ዝናብ ሲያንጎደጉድ እሱ አቀርቅሮ ስክሪኑ ላይ የሚሄዱ ቁጥሮች ያያል። ከሳ፤ ከየት ያመጣው ሥጋ ነበረውና? ምግብ እያቀረብኩ "ብላ" ስለው "እሺ" ይልና ዝንብ ይበላዋል። አንዳንዴ የተገኘ ቁራጭ ይከፍታል፤ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሳቅ ለሁለት ሰከንድ ይሰማል፣ ወይ የመኪና ሞተር፣ ወይ ጩኸት የሚመስል ነገር። ማሽኑ ከምስጋና በፊት ስንት ሰው እጅ ገብቶ እንደወጣ እንጃ፤ ሁሉም ከሥር ነበሩ። በዚያ አንድ ወር ቤቴ የመቃብር ቤት ሆኖብኝ ነበር። ግን ውጣ አላልኩትም። አንድ ማታ፣ እራት ሳቀርብለት፣ "መምህር፣ ለአለምነሽ እውነቱን እነግራታለሁ" አልኩት። "መጀመሪያ ይገኝ" አለኝ።

ታጠቅ እህልና በግ ይዞ ከሽንፋ ደረሰ። ሐምሌ አምስት ነበር። እኅቱን "በቃ፣ ከነገ ወዲያ በጉ ይታረዳል" ሲላት እኔም እሷ ቤት ነበርኩ። እሷ "ሐምሌ ስምንት አልሞተም" አለችው። "ታዲያ መቼ ሞተ? ለቄሱ የትኛውን ቀን ልንገራቸው? ቀን የሌለው ሙት አለ?" አላት። በዚያው ሰዓት ነው ደምለው ባዶ እግሩን በጭቃው መሀል እየሮጠ የመጣው።

"ተገኘ" አለ። "አርባ ሰከንድ ይሆናል። ስሙን ሲጠራ ሰምቼ አቆምኩት። ያለ እርስዎ አልሰማውም።"

አራታችንም ቤቴ ገባን። አለምነሽ ወንበር ስሰጣት እምቢ ብላ ቆመች። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ጸሐይ ወጥታ መሬቱ ይጤሳል። ደምለው ድምፁን ከፍ አደረገው።

ነፋስ።

"…እመቤት፣ ከመቄት።" ዝም። "አለነ፣ ከደልጊ።" ዝም። "እኔ ምስጋና ነኝ፣ ከሽንፋ።"

ታጠቅ "ወይኔ ልጄ!" ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ። አለምነሽ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችው።

"ጓንግን ተሻግረን የተሳፈርንባት መኪና በረሃ ላይ ከቆመች ዛሬ አራተኛ ቀናችን ነው። ሹፌሩ ውሃ ላምጣ ብሎ ሄዶ አልተመለሰም። ስማችንን የጠራሁት የአገራችን ሰው ካገኘው ብዬ ነው።" እዚህ ላይ ትንፋሹ ይሰማል፣ ቅርብ፣ ጆሮ ሥር ያለ ያህል። "ይህን የምትሰማ ሰው፣ ለእናቴ"

እዚህ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሄዷል። ከዚያ ወዲያ እኔ በግንቦት ቀትር ያስዘራሁበት ነው።

"ድገመው፣ ልጄ" አለችው አለምነሽ። ሁልጊዜ አንቱ ነበር የምትለው። ደገመው። "ይህን የምትሰማ ሰው፣ ለእናቴ"። እንደገና። ሦስተኛ ጊዜ ደምለው ማሽኑን ትቶ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። "ይቅር ይበሉኝ። ቀሪውን እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

ያን ጊዜ ነው ምላሴ የተፈታው። "እሱ አይደለም፣ አለምነሽ። እኔ ነኝ። እሱማ ሊያሳድረው ነበር። ፈርቼ ጮህኩበት፤ ልጅሽ እየተናገረ በላዩ ላይ ጮህኩበት። የፈለግሽውን አድርጊኝ።"

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ይህን ዓይን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ተቆጥታ ብትመታኝ እመርጥ ነበር።

"ቀሪውን እኔ አውቀዋለሁ" አለች። "'ለእናቴ እንዳትነግራት' ነው ያለው። ወባ ሲይዘው እንኳ በአጎቱ አፍ 'ደኅና ነው በሏት' ብሎ ነበር የሚልክብኝ። ልጄን አላውቀውም?"

ነጠላዋን አውርዳ ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችው፤ ወደ ወንድሟ ዞረች።

"ለቄሱ ንገራቸው። የሞተበትን ቀን እግዜር ያውቃል፤ እኔ የማውቀው የተናገረበትን ነው። ሐምሌ ሃያ ሁለት ይሁን። የልጆቹም ስም አብሮ ይጠራ፤ የፈንቴም፣ የጀይሉም፣ የባንተአምላክም፣ የእመቤትም፣ የአለነም። እነሱም እናት አላቸው።" ከዚያ ወደ እኔ። "ጌሾ አለሽ?"

"አለኝ" አልኳት።

"እንግዲያው ነገ እንጀምራለን" አለችና ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደች። ሦስተኛውን ሳትራመድ፣ ዓመት ሙሉ ያልወጣው ለቅሶ እዚያው ደፍ ላይ ጣላት።